በስኮትላንድ ተራሮች እረኛ ውሾች የሚሠሩበትን የበግ እርባታ ለመጎብኘት፦ ከዝግጅት እስከ መልስ

በአገራችን ደጋ፣ በመንዝም ሆነ በሌላው፣ በግ የሚያግደው ልጅ ነው፤ ውሻው ደግሞ ሌሊት ከጉረኖው ደጅ ተኝቶ ጅብ ሲሸተው የሚጮህ ዘበኛ ነው። እረኝነትና ዘበኝነት በእኛ ዘንድ ለሰውና ለውሻ የተከፋፈሉ ሥራዎች ስለሆኑ፣ ውሻ ራሱ እረኛ ሆኖ ከተራራ ማዶ የተበተነ መንጋ ሲሰበስብና አንዲቷንም ሳይነክስ ባለቤቱ እግር ሥር ሲያደርስ ማየት በግ ሲያግድ ላደገ ሰው እጅግ የሚደንቅ ነገር ነው። ይህ መመሪያ ዘመድ ለመጠየቅ፣ ለስብሰባ ወይም ለዕረፍት ወደ ብሪታንያ ለሚጓዝ አንባቢ የተጻፈ ሲሆን፣ የመረጥኩት ቦታም የስኮትላንድ ሰሜናዊ ደጋ ነው። በአየርላንድና በዌልስም እንዲህ ያሉ እርባታዎች አሉ፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለእነርሱም ይሠራል።

አንድ ነገር ከወዲሁ መታወቅ አለበት። የምንሄድበት ቦታ መካነ እንስሳት አይደለም፤ ሰው እንጀራውን የሚያበስልበት የሥራ ቦታ ነው። ከጉብኝቱ የሚገኘው ደስታ የሚወሰነውም በሁለት ነገሮች ነው፦ የእርባታውን የሥራ ወቅት አውቆ በመሄድና ውሻው ምን እየተባለ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ለይቶ በማየት። ሁለተኛውን ያልተዘጋጀበት ሰው ውሻ ሲሮጥ አይቶ ይመለሳል።

አንደኛ፦ ስለ ውሻው አስቀድመው ይወቁ

የስኮትላንድ እረኞች ውሻ ቦርደር ኮሊ ይባላል። ስሙ በስኮትላንድና በእንግሊዝ መካከል ካለው የድንበር አካባቢ የመጣ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የዚህ ዝርያ ውሾች የዘር ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቆጠር ኦልድ ሄምፕ ወደሚባል አንድ ውሻ ያደርሳል፤ እርሱም በ1893 በእንግሊዝ ሰሜናዊ ጫፍ በኖርዘምበርላንድ፣ አዳም ቴልፈር በተባለ አርቢ ቤት የተወለደ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእርሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ውሾች በጩኸትና በማዋከብ ይነዱ ነበር፤ ኦልድ ሄምፕ ግን ዝም ብሎ፣ ዝቅ ብሎና በዓይኑ አፍጥጦ ይሠራ ስለነበር አርቢዎች ዘሩን ፈለጉት። በ1906 በስኮትላንድ ሃዲንግተን ከተማ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእረኛ ውሾች ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ የሥራ ውሾችን የዘር መዝገብ ይይዛል።

ውሻው ለምን እንዲህ እንደሆነ መረዳትም ይጠቅማል። በብሪታንያ ተኩላ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ጅብም የለም። ስለዚህ በጎቹ ቀንና ሌሊት ያለ ጠባቂ ክፍት ተራራ ላይ ይውላሉ፣ ያድራሉም። ከመሰማሪያቸው የማይርቁትም እናቲቱ ግልገሏን ያንኑ ቦታ እያለማመደች ስለምታሳድግ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለሸለታ፣ ለመድኃኒት ወይም ለገበያ መሰብሰብ ሲያስፈልግ ነው፤ ድንጋያማና ረግረጋማ በሆነ ሰፊ ተራራ ላይ የተበተኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎችን ሰው በእግሩ ዞሮ አይጨርሳቸውም። የእኛ ውሻ ጠላትን እንዲያባርር ተፈለገ፣ የእነርሱ ውሻ በግን እንዲያመጣ ተፈለገ። ቦርደር ኮሊ ሲያደባና ሲያፈጥ ያየ ሰው አዳኝ አውሬ ትዝ ይለዋል፤ እውነትም ያው የአደን ጠባይ ነው፣ መንከሱና መግደሉ ግን በትውልድ ምርጫ እንዲቀር ተደርጓል።

ሁለተኛ፦ ወቅቱን ይምረጡ

የተራራ በግ እርባታ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። አውራ በጎች ከእናቶቹ ጋር የሚቀላቀሉት በኅዳር አካባቢ ነው፤ የበግ እርግዝና አምስት ወር ያህል ስለሆነ ልደቱ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት ይውላል። ሸለታው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ግልገሎቹን ከእናት መለየት በነሐሴ፣ ገበያው ደግሞ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

ለጎብኚ የሚመቸው ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው፤ ለጎብኚ የሚደረጉት መደበኛ ትርዒቶች በአብዛኛው በዚህ ወቅት ይካሄዳሉ፣ ቀኑም ረጅም ነው። የእኔን ምርጫ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን ሐምሌን እመርጥለታለሁ፤ በሸለታ ሰሞን ውሾቹ ለእንግዳ ብለው ሳይሆን ለራሱ ለሥራው ይወጣሉና። የልደቱ ወቅት ለልጆች የሚማርክ ቢሆንም አርቢው እንቅልፍ አጥቶ የሚሰነብትበት ጊዜ ስለሆነ ብዙዎቹ እርባታዎች በዚያን ጊዜ እንግዳ አይቀበሉም። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ መንገዱም በረዶ ነው፤ ስለዚህ ባይሞክሩት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ እርባታውን ይምረጡ

በኬርንጎርምስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በኪንጉሲና በአቪሞር ከተሞች መካከል ያለው የስፔይ ወንዝ ሸለቆ፣ በተለይም ኪንክሬግ የምትባለው መንደር አካባቢ፣ ለእረኛ ውሾች ትርዒት የሚታወቅ ነው። አየርላንድን የሚመርጥ ሰው በኬሪ አውራጃ በኬንሜርና በኪላርኒ መካከል ያለውን የሞልስ ጋፕ ተራራማ መንገድ፣ በምዕራብ ጠረፍ ደግሞ የኪላሪን የባሕር ሰርጥ አካባቢ መመልከት ይችላል። ነገር ግን አየርላንድ ሌላ አገር ስለሆነች የብሪታንያ ቪዛ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ እዚያ እንደማይሠራ ያስታውሱ።

እውነተኛውን የሥራ እርባታ ለጎብኚ ብቻ ከተዘጋጀ ቦታ የሚለዩባቸው ምልክቶች አሉ። መተዳደሪያው በግ የሆነ አርቢ ስለ መንጋው ብዛት፣ ስለ ዝርያው፣ ስለ ገበያው ሲጠየቅ ያለ ማመንታት ይመልሳል፤ ውሾቹም በዕድሜና በችሎታ የተለያዩ ናቸው፤ ያረጀ አለ፣ ገና በመማር ላይ ያለ ቡችላም አለ። ትርዒቱ በአየር ሁኔታ ወይም በሥራ ምክንያት ሊሰረዝ እንደሚችል አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ እርባታ ሲያገኙ አይከፉ፤ ይህ ራሱ ቦታው የሥራ ቦታ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

የሚመች እርባታ ካላገኙ ወይም ቦታው ከሞላ ሌላ መንገድ አለ። በእነርሱ የበጋ ወራት፣ በእኛ ክረምት ማለት ነው፣ በየመንደሩ የእረኛ ውሾች ውድድር ይካሄዳል፤ በብሪታንያ የመጀመሪያው የተመዘገበ ውድድር በ1873 በዌልስ ባላ ከተማ የተካሄደው ሲሆን፣ ያሸነፈውም ዌልስ ውስጥ ይኖር የነበረ አንድ የስኮትላንድ ሰው ነበር። በውድድር ሜዳ ማንም አያስረዳዎትም፤ ግን አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጠው የተለያዩ ውሾችና እረኞችን ማወዳደር ይችላሉ።

አራተኛ፦ አስቀድመው ይጻፉ

ሳይጻጻፉ መሄድ አይገባም። በስኮትላንድ በ2003 በወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ መሠረት ሰው በሥነ ሥርዓት እስከሆነ ድረስ በተራራና በሜዳ ላይ የመዘዋወር መብት አለው፤ ይህ መብት ግን የእርባታውን ግቢ፣ ቤቶቹንና በዙሪያቸው ያለውን አይጨምርም።

በኢሜይል የሚልኩት መልእክት አጭር ይሁን፤ ነገር ግን እነዚህን ይያዝ፦ የሚመጡበትን ቀንና አንድ አማራጭ ቀን፣ የሰዎቹን ብዛት፣ የልጆቹን ዕድሜ፣ በመካከላችሁ ነፍሰ ጡር ወይም መራመድ የሚያዳግተው ሰው ካለ እርሱን፣ እንዲሁም በመኪና ወይስ በባቡር እንደምትመጡ። ከዚያም ጥያቄዎችዎን ይጠይቁ። ነጠላ ጎብኚ ይቀበላሉ ወይስ በአውቶቡስ የሚመጣ ቡድን ብቻ? ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በካርድ? ትርዒቱ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዝናብ ቢጥል ይቀራል ወይ? በግ የማገድ ልምድ ካለዎት ያንንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠቅሱ መልካም ነው፤ አርቢ ለአርቢ የሚሰጠው መልስ ለቱሪስት ከሚሰጠው የተለየ ነውና።

በሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ። እነርሱ ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት ሲሉ በእኛ 10 ሰዓት ነው። ቤተሰብ ተከፋፍሎ በሚመጣበት ጊዜ፣ አንዱ ከለንደን ሌላው ከአዲስ አበባ ገና የገባ ከሆነ፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መላክ ጠብን ያስቀራል።

አምስተኛ፦ ሰነድዎንና ሻንጣዎን ያዘጋጁ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የትም ይኑር የት የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ይህም በተለመደው አሠራር እስከ ስድስት ወር ለመቆየት ያስችላል። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም (ከአየርላንድ በቀር) የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት ያለው ቪዛ ባያስፈልገውም ከ2025 ጀምሮ ኢ.ቲ.ኤ. የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ከመሳፈሩ በፊት ማግኘት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ሻንጣው እንምጣ፤ በዚህ ላይ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ። ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ አይብ፣ ማንኛውም የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኢትዮጵያም ሆነ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ ብሪታንያ ማስገባት የተከለከለ ነው። ምክንያቱ በተለይ በእርባታ ለሚያልፍ ሰው ከባድ ነው። አፍተግር የሚባለው የእንስሳት በሽታ በአገራችን ዘወትር ያለ ነው፤ በብሪታንያ ግን በ2001 ሲገባ ከስድስት ሚሊዮን በላይ በጎች፣ ከብቶችና አሳማዎች በሽታው እንዳይዛመት ሲባል ታርደው ተወግደዋል። በዚያ ዓመት ዕድሜ ልኩን ያረባው መንጋ ሲቃጠል ያየ አርቢ ዛሬም አለ። ስለዚህ አገር ቤት በከብቶች መካከል የተራመዱበትን ጫማ ይዘው አይሂዱ፤ ሌላ ከሌለዎት ሶሉን በቡሩሽና በሳሙና እስኪጠራ ያጥቡት፣ ያድርቁትም። ከኢትዮጵያ በቅርቡ መጥተው ከሆነ ለአርቢው ሳይጠየቁ ይንገሩት፤ በመግቢያው ላይ የጫማ መንከሪያ መድኃኒት ያቀርብልዎታል፣ ወይም ቀኑን እንዲያራዝሙ ይጠይቅዎታል። ሁለቱም መብቱ ነው።

ልብስን በተመለከተ፣ በሐምሌም ቢሆን ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ከስሩ ሹራብ፣ ከተቻለም የጎማ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ነፋስ በሌለበት ጠዋትና ማታ በዓይን የማትታይ የምትመስል ትንሽ ትንኝ በመንጋ ትመጣለች፤ በሽታ አታስተላልፍም፣ ግን ታስለቅሳለች። በረጅም ሣር ውስጥ መዥገር ስላለ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ያስገቡ፤ ማታም ሰውነትዎን ይፈትሹ።

ስድስተኛ፦ መንገዱ

ከኤድንብራ ወደ ኢንቨርነስ የሚሄደው ባቡር በኪንጉሲና በአቪሞር ይቆማል፤ እስከ አቪሞር ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከለንደን ለሚነሳ ደግሞ ከዩስተን ጣቢያ ማታ ተሳፍሮ ተኝቶ እየተጓዘ ጠዋት ደጋው ላይ የሚነቃበት የሌሊት ባቡር አለ፤ ቅዳሜ ማታ ግን አይነሳም። ከባቡር ጣቢያው እስከ እርባታው የሕዝብ መጓጓዣ ብዙ ጊዜ ስለማይኖር ታክሲ አስቀድሞ መያዝ ይሻላል።

በመኪና የሚሄዱ ከሆነ የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ወደ እርባታዎቹ የሚወስዱት መንገዶች ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቁ ሲሆኑ በየጥቂት ርቀቱ መተላለፊያ ቦታ አላቸው። መተላለፊያው በግራዎ ከሆነ ገብተው ይጠብቁ፤ በቀኝዎ ከሆነ ግን ወደዚያ ሳይሻገሩ ትይዩው ላይ ቆመው ከፊት የሚመጣው እንዲገባበት ያድርጉ። በግ መንገድ ላይ ሲያጋጥም ጥሩምባ አይነፋም።

ሰባተኛ፦ ትእዛዞቹን ያጥኑ

ይህን በባቡር ውስጥ ማድረግ ይቻላል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። መሠረታዊዎቹ ጥቂት ናቸው። "ከም ባይ" ሲባል ውሻው በጎቹን በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ ከእረኛው አጠገብ ሲነሳ ወደ ግራ ይወጣል ማለት ነው። "አዌይ" ሲባል በተቃራኒው በቀኝ በኩል ይዞራል። "ላይ ዳውን" ተኛ ወይም ቁም፣ "ዎክ አፕ" ቀጥ ብለህ ወደ በጎቹ ተጠጋ፣ "ሉክ ባክ" የቀሩ በጎች ስላሉ ወደ ኋላ ተመልሰህ ፈልግ ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ የሚባለው "ዛትል ዱ" ሲሆን፣ ውሻው ይህን ሲሰማ በጎቹን ትቶ ወደ ጌታው ይመለሳል።

ከሩቅ ግን ድምፅ አይደርስም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ፉጨት አለው። እረኛው የሚያፏጨው ከአፉ ውስጥ በምላሱ ላይ በሚያስቀምጣት፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ በታጠፈች ትንሽ ቁራጭ ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው። ብዙ ውሾች በአንድነት ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ትእዛዝ እንዳይሰማ ለየውሻው የተለየ ፉጨት ይሰጠዋል። አራትና አምስት ውሾች ሜዳው ላይ ተኝተው ሳለ በአንዲት ቀጭን ፉጨት አንዱ ብቻ ሲነሳ ሌሎቹ ጆሯቸውን እንኳ ሳያነሱ ሲቀሩ ሲያዩ ያን ጊዜ ይገባዎታል።

ስምንተኛ፦ ከበሩ ጀምሮ ያለው ሥርዓት

በርን እንዳገኙት ይተዉት። ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝግ ይሁን፤ "ሰው ረስቶት ይሆናል" ብሎ ክፍቱን በር መዝጋት መንጋን ከውኃ ሊለይ ይችላል። በር ላይ መውጣት ግድ ቢሆንብዎ በማጠፊያው በኩል ይውጡ፤ በዚያ በኩል በሩ አይዘምም። የራስዎን ውሻ ይዘው አይምጡ፤ ድሮንም ያለ ፈቃድ አያስነሱ።

ከውሾቹ ጋር ያለው ሥርዓት ጥብቅ ነው። ሥራ ላይ ያለን ውሻ አይጥሩት፣ አያፏጩለት፣ አያጨብጭቡ፣ ምንም ነገር አያጉርሱት። ሥራው ካለቀ በኋላ አብዛኞቹ ራሳቸው መጥተው ጉልበትዎ ላይ ይደገፋሉ፤ ያኔም ቢሆን አስቀድመው ባለቤቱን ይጠይቁ። የሠለጠነ የሥራ ውሻ ዋጋው ከፍተኛ መሆኑንም አይዘንጉ፤ በ2021 ኪም የምትባል የዌልስ ውሻ በ27,100 ፓውንድ ተሸጣለች።

ከሁሉ በላይ የሚቆሙበትን ቦታ ይጠይቁና ከዚያ አይነቃነቁ። ይህን የምለው ከራሴ ስለደረሰ ነው። መጀመሪያ በሄድኩበት እርባታ ውሻዋ አምስት በጎችን ወደ ጉረኖው አፍ አድርሳ፣ የሚቀረው ጥቂት እርምጃ ሲሆን፣ እኔ በስልኬ ፎቶ ለማንሳት ከግንቡ ጥግ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣሁ። የፊተኛዋ በግ ራሷን ቀና አድርጋ አየችኝ፤ ወዲያው አምስቱም ተገልብጠው ከውሻዋ ግራና ቀኝ አምልጠው ወደ ዳገቱ ሮጡ። አርቢው ምንም አልተናገረኝም፤ በእጁ ብቻ ወደ ግንቡ እንድመለስ አመለከተኝ። ውሻዋ ደግሞ ምላሷን አንጠልጥላ ያንኑ ሁሉ መንገድ እንደገና ዞረች። በግ ከየትኛውም አቅጣጫ ሲጠጉት መሸሽ የሚጀምርበት ርቀት አለው፤ ውሻውም እረኛውም የሚሠሩት በዚያ ርቀት ነው። በዚያ መካከል የቆመ እንግዳ እንደ ሦስተኛ ውሻ ይቆጠራል።

ዘጠነኛ፦ ሥራውን እንዴት ማየት እንደሚገባ

ትርዒቱ ሲጀምር ዓይንዎ ወደ ውሻው ብቻ ይሄዳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ግን በጎቹን ነው የሚያዩት፤ ውሻው ደህና እየሠራ ከሆነ በጎቹ አይሮጡም፣ ይራመዳሉ።

የመጀመሪያው ክፍል መውጫው ነው። ውሻው ከእረኛው እግር ሥር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ በጎቹ አይሄድም፤ ሰፊ ክብ እየሠራ ይዞራል። መንገዱ ቅል ይመስላል፣ ከእረኛው በኩል ጠባብ ሆኖ ወደ በጎቹ ሲደርስ ይሰፋል። ጠቦ ከዞረ በጎቹ ሳይደርስባቸው ይደነብራሉ። ዞሮ ከጀርባቸው ሲደርስ፣ እረኛውን በሰዓት መደብ ላይ 6 ላይ ቢያስቡት፣ ውሻው 12 ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስነሳቱ ነው፤ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ነው። በጎቹ መጀመሪያ ውሻውን የሚለኩት በዚህች ቅጽበት ነው። ውሻው ሆዱን ከእርጥብ ሣር አስጠግቶ ይቆማል፤ አንዱ የፊት እግሩ በአየር ላይ እንደተነሳ ይቀራል፤ ዓይኑ ከፊተኛዋ በግ ላይ አይነቀልም፤ አንዱ ጆሮው ግን ወደ ኋላ ዞሮ እረኛውን ያዳምጣል። ከዚያ ያ የተነሳው እግር ቀስ ብሎ መሬት ይነካል። በጎቹ አንድ ሆነው ፊታቸውን ያዞራሉ። ድምፅ የለም፣ ሩጫም የለም። አርቢዎች ውሻው "ዓይን አለው" የሚሉት ይህን ነው። ዓይኑ ከመጠን ያለፈ ውሻም አለ፤ አፍጥጦ ደርቆ ይቀርና በጎቹን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል።

ከዚያ ማምጣት አለ፤ ውሻው ከኋላቸው ግራና ቀኝ እያለ በቀጥታ ወደ እረኛው ያመጣቸዋል። ይህ ለውሻው ተፈጥሮው ነው፤ ሳይማርም የሚያደርገው ነው። ከባዱ የሚቀጥለው ነው፦ በጎቹን ከእረኛው እያራቁ መንዳት። ውሻው ሁልጊዜ በጎቹን በራሱና በጌታው መካከል ማድረግ ስለሚፈልግ፣ ጌታውን ከጀርባው ትቶ መንዳትን ለመማር ብዙ ወራት ይፈጅበታል። በውድድር የተለመደው የ100 ነጥብ አቆጣጠርም ይህን ይመሰክራል፤ መውጫው 20፣ ማስነሳቱ 10፣ ማምጣቱ 20 ሲሆን መንዳቱ ብቻውን 30 ይይዛል። የቀሩት 20 ነጥቦች መንጋን ለሁለት መክፈልና ጉረኖ ማስገባት ናቸው። መክፈል ሲባል በጎቹ መካከል ጥቂት ክፍተት ስትገኝ ውሻው ተጠርቶ በዚያች ክፍተት ይገባና ከፊሉን ለይቶ ያስቀራል። ዕድሜውን ሙሉ ሰብስብ ሲባል የኖረ ውሻ በትን ሲባል የሚያሳየው ማመንታት፣ ከዚያም ጌታውን አምኖ መግባቱ፣ በዓይን ሊታይ የሚገባው ነገር ነው።

እርባታው ወጣት ውሻ እንዲያሳይዎ ከቻሉ ይጠይቁ። ከበግ ጋር ሥልጠና የሚጀመረው በአብዛኛው ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ቡችላው ሲሳሳት፣ አቋርጦ ሲገባ፣ ሲታረም ያየ ሰው አዋቂው ውሻ ያደረገው ነገር ቀላል እንዳልነበረ ይረዳል።

ዐሥረኛ፦ በእጅ የሚነካው

በብዙ እርባታዎች ጎብኚው በጡጦ ግልገል እንዲያጠባ ወይም መቀሱን ይዞ እንዲሸልት ይፈቀድለታል። ለመሸለት ቢጋበዙ በጓ ተቀምጣ ጀርባዋን በሸላቹ ጉልበት ላይ አስደግፋ ሲይዛት እንደምትረጋጋ ይመልከቱ፤ ከአገራችን አያያዝ የተለየ ስለሆነ አስቀድመው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በመንዝ ሱፍ ባናና በርኖስ እንደሚሠራበት ቢነግሯቸው አርቢዎቹ በጣም ይወዱታል፤ የእነርሱ ባለ ጥቁር ፊት የተራራ በግ ሱፍ ሻካራ በመሆኑ በአብዛኛው ለምንጣፍ የሚውል ነውና።

ነፍሰ ጡር ሴት በበጎች ልደት ወቅት ወደ እርባታ መሄድ የለባትም፤ ከወላድ በጎችና ከአዲስ ግልገሎች የሚተላለፉ ጽንስ የሚያስወርዱ ተሕዋስያን አሉ፤ በዚያ የዋለ ሰው ልብስም ቢሆን በእርሷ እጅ መታጠብ የለበትም። ሁሉም ሰው፣ በተለይ ሕፃናት፣ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙናና በወራጅ ውኃ ይታጠቡ። በኪስ የሚያዘው የእጅ ጄል ከእርባታ ለሚመጡት አንዳንድ ጀርሞች አይበቃም።

ዐሥራ አንደኛ፦ ስንብትና መልስ

ትርዒቱ ሲያልቅ አርቢው ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይቀበላል። ውሻው ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ሲያረጅ የት እንደሚውል፣ ውሾቹ ለምን አጫጭር ስም እንደሚሰጣቸው ይጠይቁ። እርስዎም ይጠየቃሉና ስለ አገርዎ በግ ለመናገር ይዘጋጁ። ለአርቢው ጉርሻ መስጠት የተለመደ አይደለም፤ ከሚሸጠው ክር፣ ሹራብ ወይም ሥጋ መግዛት ግን ያስደስተዋል፤ ሥጋው ግን እዚያው የሚበላ እንጂ በአውሮፕላን የሚጫን አይደለም።

ጫማዎን በዚያው ምሽት ይጠቡ፤ በሶሉ ጥርሶች መካከል የተቀረቀረውን ጭቃና በጠጥ በእንጨት ያውጡት፣ ከዚያ በሳሙና ይሹት፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ያድርቁት። ወደ አሜሪካ የሚመለሱ ከሆነ እርባታ መሄድዎንና እንስሳት መንካትዎን በድንበር ጉምሩክ ላይ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ንጹሑን ጫማ አውጥተው ያሳያሉ፣ በአብዛኛውም በጥቂት ደቂቃ ያልፋሉ። ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሱ ከሆነም ያንኑ ጫማ ወደ ቤተሰብ በረት ከመግባትዎ በፊት እንደገና ይጠቡት።